ሁለቱ ክሬጎች

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ጄኒፈር ዊደም በዳታቤዝ ትምህርታቸው የሚጠቀሙባቸው ሰንጠረዦች ሦስት ናቸው፤ የኮሌጆች፣ የተማሪዎችና የማመልከቻዎች። ኮሌጆቹ 4፣ ተማሪዎቹ 12። መጀመሪያ ሳያቸው ለምሳሌ ያህል ብቻ የተሞሉ መስለውኝ ነበር። ስሞቹን አንድ በአንድ ሳነብ ግን ክሬግ የሚባል ተማሪ ሁለት ጊዜ አገኘሁ። ኤሚም ሁለት ናት። የመታወቂያ ቁጥራቸው ለየቅል ነው።

የሠሪዋ እጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፌሰሯ ኮምፒውተር ሳይንስ ለማጥናት ያመለከቱትን ተማሪዎች ስም ያስጠይቃሉ። ያመለከቱት አምስት ናቸው፤ ከኤሚዎቹ አንዷ፣ ሄለን፣ አይሪንና ሁለቱም ክሬጎች። ጀማሪ የተማሪውን ሰንጠረዥ ከማመልከቻው ጋር በመታወቂያ ቁጥር ያጣምራል። ኤሚና ሄለን ለዚሁ ትምህርት ለሁለት ሁለት ኮሌጅ ስላመለከቱ ስማቸው ተደግሞ ይወጣል። ድግግሞሹን አስወግድ ብሎ ሲያዝ ደግሞ አንደኛው ክሬግ አብሮ ይጠፋል።

ስም ከሆነ በዓይን አይቶ ማረም ይቻላል። ጥያቄው የእነዚሁ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው። ድግግሞሹ ሳይነካ መልሱ 3.71 ገደማ ይመጣል። ድግግሞሹ ሲወገድ፣ ኤሚና አይሪን ሁለቱም 3.9 ስላላቸው ከሁለቱ አንዱ ውጤት ይዋጣል፤ መልሱም ወደ 3.625 ይወርዳል። ትክክለኛው 3.68 ነው። እዚያ የሚደርሰው ማጣመሩን ትቶ በተማሪዎቹ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ እየሄደ «ይህ የመታወቂያ ቁጥር ካመለከቱት መካከል አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሁለቱም የተሳሳቱ መልሶች እውነት ይመስላሉ። ማሽኑ አያጉረመርምም፣ ቀይ ጽሑፍ አያወጣም። ደመወዝ ወይም የሆስፒታል መዝገብ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ተፈርሞበት ያልፍ ነበር። ይህን አደጋ በ12 ስሞች ውስጥ አስቀምጦ ተማሪው በገዛ እጁ እንዲነካው ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጸው ትምህርቱ በኢንተርኔት ለማንም ሰው በነጻ ሲከፈት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተማሩት በእነዚሁ ጥቂት መስመሮች ነው።

 

ያው እጅ በዊደም ምርምርም አለ። ከአርቪንድ አራሱና ከሺቭናት ባቡ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሲኪውኤል የተባለው ቋንቋ የተሠራው ለማያቋርጥ መረጃ ነው። መኪኖች ያሉበትንና ፍጥነታቸውን ያለማቋረጥ የሚልኩበትን አውራ ጎዳና እናስብ። የተለመደው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ኤስኪውኤል የሚያውቀው የቆመ ሰንጠረዥ እንጂ የሚፈስ ነገር አይደለም። ለሚፈሰው ሁሉ አዲስ ስሌት መፍጠር ያጓጓል። እነሱ ግን ከጅረት በእንስራ እንደሚቀዳ ሰው አደረጉ፤ ያለፉትን 5 ደቂቃዎች ንባብ ይቀዳሉ፣ የተቀዳው ለዚያች ቅጽበት የቆመ ሰንጠረዥ ይሆናል፣ በእሱ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ኤስኪውኤል ሳይነካ ይሠራል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ማይል በታች የሆነው የመንገድ ክፍል ተጨናንቋል ማለት ነው።

አዲስ የሆኑት መቅጃውና መልሶ ማፍሰሻው ብቻ ናቸው። ማፍሰሻው ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ አሁን የገባውን፣ ሌላው አሁን የወጣውን፣ ሦስተኛው በዚህች ቅጽበት ያለውን ሁሉ ይሰጣል። መንገዱ መጨናነቅ ሲጀምር ብቻ ሊነገረው የሚፈልግ ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ መጨናነቁ እስካልተፈታ ድረስም ያው ወሬ ደጋግሞ አይደርሰውም።