“ጠፉ” የተባሉት ምሳ አቀረቡልን

እኔ ይኸው ሜክሲኮ ደርሼ መጣሁ። ሜክሲኮ ስላችሁ አደባባዩን አይደለም፤ አገሩን ነው። አሜሪካ የምትኖረው የእህቴ ልጅ “ጋሼ፣ ዕድሜ ልክህን የሰው ጉዞ ስታነብ ኖርክ፤ እስቲ አንዴ ራስህ ተጓዝ” ብላ ካንኩን ወሰደችኝ። ካንኩን በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሜክሲኮ መንግሥት ለቱሪስት ብሎ በዕቅድ ያቆማት ከተማ ናት። ሪዞርቱ ገና ከመግባታችሁ እጃችሁ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስርላችኋል። ከዚያ በኋላ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ ነው። ሂሳብ የሚጠይቃችሁ የለም።

እናላችሁ፣ ሰው አሸዋ ላይ ተኝቶ ተኝቶ ሲሰለቸው የሚሄድበት ነገር ተዘጋጅቶለታል። እንግዳ መቀበያው ጋ ብሮሸር ተደርድሯል። ሰኞ የማያ ፍርስራሽ፣ ረቡዕ ደሴት፣ ዓርብ ሌላ ባሕር ዳርቻ። ሁሉም የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ብሮሸርም ቢሆን እንደ ልቦለድ ነው የሚያነበው። እኔም አነበብኩ። ማያዎቹ “ነበሩ”፣ “ገነቡ”፣ “ሠዉ”፣ “ጠፉ”። እኛ ደግሞ “ትዋኛላችሁ”፣ “ትበላላችሁ”፣ “ፎቶ ትነሳላችሁ”። ያለፈው ጊዜ ግስ በሙሉ ለእነሱ፣ የሚመጣው በሙሉ ለእኛ! አሁን የሚባለው ጊዜ ለማንም አልደረሰም። ይኼን ታዝቤ፣ ለእህቴ ልጅም ነግሬያት አብረን ስቀን፣ ከዚያ ምን አደረግን? ሁለት ቲኬት ቆረጥን።

ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ገባን። ቺቼን ኢትዛ ከካንኩን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውቶቡሱ ግን መጀመሪያ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ሰው ሲለቅም አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ቆምን፤ እዚያ ለመቸኮል ማንም አልገፋፋንም። ከዚያ ሴኖቴ ወደሚሉት፣ ምድሩ ተደርምሶ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ ወደሚታይበት የድንጋይ ጉድጓድ ወረድን። ከዚያ ምሳ። የተነሳንበት ፒራሚድ የደረሰን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። የተሰጠን ጊዜ? አንድ ሰዓት ተኩል! ከሆቴል ሆቴል ከዞርንበት እኩል መሆኑ ነው።

ፒራሚዱ፣ ስፔኖች ኤል ካስቲዮ ያሉት፣ አፍ ያስከፍታል፤ ልክድ አልችልም። ቁመቱ 30 ሜትር ነው። በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃ አለው። የላይኛው ወለል ሲጨመር 365፣ የዓመቱ ቀናት ቁጥር ይመጣል። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ባሕረ ሐሳብ በሉት። ከ2006 ወዲህ መውጣት ክልክል ስለሆነ ሕዝቡ ሥሩ ቆሞ ያጨበጭባል። ሲያጨበጭቡለት የገደል ማሚቶው እንደ ወፍ ድምፅ ይመልሳል። እኛም ተሰልፈን አጨበጨብን፤ መለሰልን። ጥላ ሥር የተቀመጡት የአካባቢው ሻጮች እንደ ዱር አውሬ የሚያገሳ ፉጨታቸውን እየነፉ ይጠሩናል። አስጎብኚያችን “ከእነሱ አትግዙ፣ ጥራት የለውም” አለን። ጠዋት የቆምንበት ሱቅ ጥራት ግን በዋጋው ያስታውቅ ነበር!

አስጎብኚው ክፉ ሰው አይደለም። ቀልዱም ይጥማል። ታሪኩ ግን ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ደም፣ ከዋክብት፣ ምስጢር። ማያዎች ሰው ይሠዉ ነበር፤ ከዋክብት ይቆጥሩ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን በምስጢር ጠፉ። አውቶቡሱ በሙሉ “አይ!” እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቅንቄያለሁ። ልብ በሉልኝ፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ምሳው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የቀረበው የአካባቢው ዝነኛ ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል ነበር። ሥጋው በቅመምና በኮምጣጣ ብርቱካን ይታሻል፣ ልክ እንደኛ ዳቦ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይበስላል። ጉዱ ግን ሥጋው የአሳማ ነው። የእህቴ ልጅ በሥራዋ የለመደቻት ስፓኒሽ አለቻትና አስተናጋጁን “አሳማ የሌለበት ምን አለ?” አለችው። ልጁ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ አንድ ነገር ተጣራ። ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰለት። ስፓኒሽ አይደለም። ጉሮሮ ውስጥ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ የኛን “ጰ” እና “ቀ” የሚያስታውስ ድምፅ ነበረው። “ምን ቋንቋ ነው?” አልኩ፤ እሷ ተረጎመችልኝ።

“ማያ” አለ።

“አስጎብኚያችን እኮ ጠፍተዋል አለን!”

ልጁ ሳቀና “ጠዋት ከቤት ስወጣ ሁሉም ነበሩ” ብሎ ባቄላችንን ሊያመጣ ሄደ።

ወዳጆቼ፣ ያ ባቄላ እንደምንም ነው የወረደልኝ። ያሳፈረኝ አለማወቄ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ እኮ ይኼን አውቀው ነበር! በዩካታን ምድር የማያ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ከ700 ሺህ በላይ ነው። ጓቲማላ ስትገቡ ደግሞ ሌሎች የማያ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሚሊዮኖች አሉ። በደቡብ ያሉት ታላላቅ ከተሞች በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተራ በተራ መለቀቃቸው እውነት ነው። ከተማ ተለቀቀ ማለት ግን ሕዝብ ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲያማ ቢሆን አክሱም ሲዳከም እኛም ጠፍተናል ማለት ነው። የመጨረሻው የማያ መንግሥት በስፔኖች እጅ የወደቀው በ1697 ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። እንዲህ ቅርብ ነው ነገሩ።

ጽሕፈታቸውንም እንዲሁ “ምስጢር” ይሉታል። ማን ምስጢር እንዳደረገው ግን አይነገርም። በ1562 ማኒ በምትባል ከተማ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የሚባል መነኩሴ ያገኘውን የማያ መጽሐፍ ሁሉ እሳት ውስጥ ጨመረው። ሕዝቡ ክፉኛ ማዘኑንም ራሱ ጽፎታል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ ድሬስደን፣ ማድሪድና ፓሪስ ሲሆኑ አራተኛው ሜክሲኮ ነው። የሚገርመው፣ ያው ላንዳ የጽሕፈቱን ድምፆች በከፊል መዝግቦ ነበር። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሶቪየት ምሁር ያንን ዝርዝር ይዞ ተነሳና ምልክቶቹ እንደ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሳይሆኑ ተነባቢውን ከአናባቢው አጣብቀው የሚይዙ መሆናቸውን አሳየ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ይኼ ምኑ ይከብዳል? ዛሬ ያ ድንጋይ ይነበባል፤ የነገሥታት ስም፣ ልደትና ጦርነት ይናገራል። እኛ ግን ሥሩ ቆመን አጨበጨብን።

በ1847 ደግሞ የዩካታን ማያዎች መሬታቸውን ለመጠበቅ ተነሡ። የሜክሲኮ ጦር ዋና ከተማቸውን የያዘው በ1901 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ከካንኩን በስተ ደቡብ ቱሉም ድረስና ከዚያም አልፎ ዛሬ ሪዞርት ከተደረደረበት ጠረፍ ብዙው ያን ጊዜ በእነሱ እጅ ነበር። ይኼ በብሮሸሩ የለም። ቢኖርማ “ታዲያ መሬቱ እንዴት የሆቴል ሆነ?” የሚል ጥያቄ ያመጣል። ምስጢር ግን ጥያቄ አያመጣም። ለዚህ ነው ምስጢር ለሽያጭ የሚመቸው።

የረቡዕና የዓርቡን ባጭሩ ልጨርሰው። ኢስላ ሙሔሬስ፣ “የሴቶች ደሴት” ማለት ነው፣ ስሟን ያገኘችው ስፔኖች በ1517 ሲደርሱ የሴት ምስሎች ስላገኙባት ነው። ምስሎቹ ኢሽቼል ከተባለችው አምላክ ጋር ይያያዛሉ። እኛ ጀልባው ላይ ጨፍረን፣ ቀዝቃዛ ነገር ጠጥተን፣ ተመለስን። ቱሉም ደግሞ ባሕሩን ከገደል ላይ ቁልቁል የሚያይ በግንብ የታጠረ ከተማ ነው፤ ስፔኖች ሲመጡ ሰው ይኖርበት ነበር። ከታች ያለው ባሕር ዳርቻ ነጭ ነው። ነጭ የሆነው ግን በራሱ አይደለም። ከ2010ሮቹ አጋማሽ ወዲህ ባሕሩ ቡናማ የውሃ ሣር እየተፋ ዳርቻውን ያግማዋል። ቱሪስቱ ሳይነቃ በመንሽና በጋሪ የሚጠርጉት ሰዎች አሉ። እነሱም ፎቶው ውስጥ የሉም።

“ታዲያ አይኬድ ነው የምትለው?” ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። አስተናጋጁ ልጅ የሚበላው ከዚያው ነው፤ ሻጮቹም እንዲሁ። አስጎብኚውም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ንገር ሲባል ደምና ከዋክብት ቢቀናው አልፈርድበትም። የምፈርደው በራሴ ነው። ላሊበላ በጠዋቱ አውሮፕላን ገብቶ፣ መስቀል የያዙትን አባት እንደ ሐውልት አቁሞ ፎቶ አንስቶ፣ “ይህን የሠሩት ሌሎች ናቸው” የሚል ወሬ ይዞ የሚሄደውን እንግዳ ስንት ጊዜ በዚህ ዓምድ አምቼዋለሁ! የራሴ ሲነካ ያንገበግበኛል። የሰው ሲሆን ግን፣ አንብቤ የማውቀውን ረስቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ ራሴን ነቀነቅሁ። ወንበሩ ምቹ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። የምትሄዱ ከሆነ በሕዝብ አውቶቡስ ሂዱ፤ አለ። እዚያው አካባቢ እደሩና በሩ ሲከፈት ግቡ። ከጥላው ሥር ካለው ሻጭ ግዙ። “የት ጠፉ?” ከማለታችሁ በፊትም ሳህኑን ማን እንዳመጣላችሁ ቀና ብላችሁ እዩ።

ልንመለስ ስንል የእህቴ ልጅ ክፍላችንን ስታጸዳ ለሰነበተችው ሴት ከአስተናጋጁ የተማረችውን “ዲዮስ ቦኦቲክ” አለቻት፤ በማያ “እግዜር ይስጥልኝ” እንደ ማለት ነው። ሴትዮዋ አንሶላውን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ረዘም ያለ ነገር ነገረችን። አንድም ቃል አልገባንም። እሷ ግን እስክትጨርስ አላቆመችም።

ቸር እንሰንብት!