ኮቱና ፊሽካው

የፊልም ድምፅ ማቀናበር ለሚጀምሩ ወጣቶች ቅድሚያ የማሳየው ሬኔ ክሌር በ1931 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ሚሊዮኑ» የተሰኘ የፈረንሳይ ኮሜዲ ነው። ሚሼል የተባለ የፓሪስ ሠዓሊ ዕዳ አንገቱ ደርሷል፤ አበዳሪዎቹ ከደጁ አይጠፉም። በዚህ መሐል ሎተሪ ይወጣለታል። ቲኬቱ ግን አሮጌ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኮቱን ደግሞ እጮኛው ቤያትሪስ ከፖሊስ ለሚሸሽ ሌባ ሰጥታዋለች። ኮቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ የኦፔራ ዘፋኝ ዘንድ ይደርሳል።

ጊዜው ፊልም መናገር የጀመረበት ነበር። በድምፅ አልባ ፊልሞቹ ስም ያተረፈው ክሌር፣ ንግግር ሲኒማን የተቀረጸ ቴአትር እንዳያደርገው ይሰጋ ነበር። ስጋቱ ከድምፅ አላሸሸውም፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለምን እንደሚያስገባ አጥብቆ እንዲያስብ አደረገው እንጂ።

ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ኮቱን ሲነጣጠቁ እንይ። አንዱ ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው ይጥለዋል፣ ሦስተኛው ቀልቦ ያመልጣል። የምንሰማው ግን የጫማ ኮቴ ሳይሆን የራግቢ ሜዳ ፊሽካና የተመልካች ሆታ ነው። ድምፁ ከውጭ የተለጠፈ ቀልድ አይደለም። የገንዘብ ጉጉት እነዚህን ሰዎች ቀድሞውኑ ተጋጣሚ አድርጓቸዋል፤ የሚሼል ጓደኛ ፕሮስፐር እንኳ ተፎካካሪው ሆኗል። ፊሽካው ይህንን በጆሯችን አሰማን።

ከዚህ ይልቅ የምወደው ሌላ ትዕይንት አለ። የተኳረፉት ሚሼልና ቤያትሪስ መድረኩ ላይ ከዲኮሩ ጀርባ ተደብቀዋል። ከፊት እርስ በርስ የሚጠላሉ ሁለት ዘፋኞች የፍቅር ዜማ ይቀባበላሉ። ፍቅረኞቹ አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ በሌሎች ድምፅ ይታረቃሉ። ክሌር ንግግር ቢጨምርላቸው ኖሮ ትዕይንቱ ይሞት ነበር።

እኔም ኮሜዲ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ አየዋለሁ። ሰው ሲወድቅ የውዳቂ ዕቃ ኳኳታ መጨመር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዓይን ያየውን መድገም ብቻ ነው። ተመልካች የሚስቀው ገጸ ባሕርዩ አጥብቆ የሚፈልገውን ነገር ሲያውቅለት ነው። የድምፅ ማከማቻችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሰውየው ምን ፍለጋ እንደሚሮጥ ጠይቁ፤ ትክክለኛው ድምፅ ከመልሱ ይወጣል።