ውዳሴ ለሩት፣ ለነጋ ልጅ

ሩት ሆይ፣ ይህን ውዳሴ የምናቀርብልሽ ከሮሃ ምድር፣ ዐለቱ ቤተ መቅደስ ከሆነባት ከላስታ ደጋ ነው። ሰዓቱ ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው፤ በአገራችን ልማድ ሰው በስሙ ተጠርቶ የሚወደስበት ሰዓት ይኸው ነውና። ከከተማችን ከላሊበላ ጋር ስም የሚጋሩት ላሊበሎች ወፍ ሳይንጫጫ በየደጁ ይቆማሉ፤ በዜማ እየተቀባበሉ የቤቱን ባለቤት በስሙ ያሞግሳሉ። ተኝቶ የነበረው ሰው ስሙን ሰምቶ ይባንናል፤ ነጠላውን ደርቦ፣ እጁ ያገኘውን ይዞ በሩን ይከፍታል። እነሱም መርቀውት ወደሚቀጥለው ደጅ ያዘግማሉ። እኛም ዛሬ በደጅሽ ቆመናል። ለቅዱሳን መልክእ የሚባል ውዳሴ ይደረሳል፤ ለአንቺ የምንደርሰው የሰው ለሰው ውዳሴ ነው፤ ፍቅራችን ግን ሙሉ ነው።

አዲስ አበባ ተወለድሽ። አባትሽ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናትሽ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። በአራት ዓመትሽ ከእናትሽ ጋር ከአገር ወጣሽ፤ ገና ሰባት ዓመትሽ ሳለ አባትሽን ዶክተር ነጋን የመኪና አደጋ ነጠቀሽ። የመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት አማቷን ተከትላ ወደማታውቀው አገር ስትገባ ወራቱ የገብስ አጨዳ የተጀመረበት ነበር፤ ኑሮዋም ቃርሚያ ሆነ። በላስታ ተረተር ላይ ገብስ ሲታጨድ ያየ ሰው ቃርሚያ ምን እንደሆነ ያውቃል። አጫጆች ካለፉ በኋላ ወገብ ጎንብሶ፣ ዘለላው አንድ ባንድ ተለቅሞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት እፍኝ የምትሞላ እስር ይዞ መመለስ ነው። አንቺም እናትሽን ተከትለሽ በአየርላንዷ ሊምሪክ አደግሽ፤ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተማርሽ፤ ከመድረክ ዘለላ፣ ከፊልም ዘለላ፣ ከቴሌቪዥን ዘለላ እየለቀምሽ ነዶውን አሰርሽ። እነሆ ዛሬ ክምር ነው።

ስምሽ ግን ከክምሩ ሁሉ ይልቅብናል። ሩት ነጋ! በአገራችን ሥርዓት ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚጠራው አባት ነው፤ ልጅ በተጠራ ቁጥር አባት አብሮ ይጠራል። ስለዚህ ስምሽ በማያ ገጽ ላይ በወጣ ጊዜ ሁሉ፣ በሰባት ዓመትሽ ያጣሽው ሰው በብርሃን ተጽፎ ይወጣል። ነጋ ማለት ደግሞ ጨለማው አለፈ ማለት ነው፤ ከነገም ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ስለ ነገ የሚተርከው ጥበብ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባለው፣ ነጋ የምትባል ሴት ወደ ደጁ ስትመጣ እንዴት በሩን አይከፍትላት?

ከፈተልሽም። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዙ ሚስፊትስ ተከታታይ ድራማ ኒኪን ሆነሽ መጣሽ፤ በንቅለ ተከላ ያገኘችው ልብ የሌላ ሰው ኃይል ይዞባት የመጣች ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ ባለ አበባ ቀሚሷን ሬይናን ሆንሽ። አቤት ያቺ ሴት! ቀሚሷ አበባ፣ ንግግሯ ማር፣ ሐሳቧ ወጥመድ። በሁለተኛው ሲዝን ለዘመናት ስትመኘው የኖረችው ለውጥ ሲደርስላት፣ ያቺ አበባ የነበረች ሴት ፊቷም እጇም በእሾህ ተሸፍኖ ወጣች። በዚህ በደጋችን ቀጋ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ነጭ አበባውና እሾሁ ባንድ ግንድ ላይ ናቸው፤ አበባውን የፈለገ እጁ ይደማል። ሬይናን ያየ የላስታ ሰው ቀጋን ያስታውሳል። ከዚያ ከባድ ጭምብል ውስጥ ለትወና የቀሩሽ ዐይኖችሽና ድምፅሽ ብቻ ነበሩ፤ በእነዚያ ብቻ ተመልካቹን ለክፉ ሴት አሳዘንሽው። ያቺ ሴት ነገን አስቀድሞ የማየት ጸጋ ተሰጣት፤ የራሷንም ሞት እያወቀች ተቀበለችው። ነገን ያየች ነጋ!

ቀጥሎ ማርስ ላይ አገኘንሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አድ አስትራ በቀይዋ ፕላኔት ላይ የተወለደች፣ መሬትን በልጅነቷ አንዴ ብቻ ያየች፣ ወላጆቿን በሩቅ የጠፈር ጉዞ ያጣች ሄለንን ተጫወትሽ። ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አትታዪም። እኛ ግን ከፊልሙ ሁሉ እነዚያን ደቂቃዎች እንመርጣለን፤ አገሩን በልጅነት ትዝታ ብቻ የሚያውቅ፣ አባቱን በስም የሚሸከም ሰው ምን ዓይነት ዝምታ እንዳለው ከአንቺ በቀር ማን ሊያሳየን ይችላል? ከላሊበላ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። የእንጦጦው የሥነ ፈለክ መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመረቅ፣ ከእርሱ የሚልቅ ሌላ በእኛ ተራሮች ላይ ለማቆም እንደታሰበ ተነግሮ ነበር፤ ሌሊታችን ጥርት ያለ ነውና። አንቺ በጥበብ የደረስሽባትን ማርስ እኛ ከዚህ ተረተር ላይ በዐይናችን እንፈልጋታለን።

የከተማችን የቤተ ጊዮርጊስ ጠራቢዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረቡም፤ ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ የማይፈለገውን አወጡ፤ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንቺም እ.ኤ.አ. በ2016 በላቪንግ ፊልም ሚልድሬድን ስትጠርቢ ጩኸቱን አወጣሽ፣ እንባውን አወጣሽ፣ የቀረው ሰው ሆነ። ጥቁሯ ሚልድሬድና ነጩ ባሏ ስለተጋቡ ብቻ በቨርጂኒያ ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ያ የፍርድ ዜና በስልክ ሲደርስሽ አልጮኽሽም፤ አልዘለልሽም። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አመሰገንሽ። በዚህ ሥራሽ ለኦስካር ታጨሽ፤ የአዲስ አበባ ልጅ!

ሌላውን በአጭሩ እንጥራው። በፕሪቸር ተከታታይ ድራማ አራት ሲዝን ሙሉ ቱሊፕን ሆነሽ ኖርሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 በደብሊን መድረክ የንጉሥ ልጅ ሐምሌትን ተጫወትሽ፤ ሴት ሆነሽ ወንዱን። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሮድዌይ ሌዲ ማክቤዝን ሆነሽ ለቶኒ ታጨሽ። ይህ ሁሉ ክብር ነው፤ ለእኛ ግን ባለ እሾኋ ሬይና ትበልጥብናለች።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምንሃለን። የፈረንጅ ፊደል ስሟን ሲጽፍ የ‘ገ’ን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል፤ የእኛ ፊደል የማያሳየውን ጥብቀት እንዲህ አድርጎ ጠብቆልናል። ስሟ በማያ ገጽህ ላይ ሲወጣ በባዕድ አፍ አታንብበው። ‘ጋ’ን አጥብቀህ፣ አባቷ በተጠራበት አጠራር፣ ነጋ ብለህ ጥራት።