ቁጥሩና ብረቱ፤ በእጅ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ስለሚጨመረው ዲጂታል አንባቢ የቀረበ ሂስ

በዛሬ ጊዜ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና በግል ወርክሾፖች ዘንድ አንድ አሳብ እየተስፋፋ ሄዷል። ይኸውም ብዙ ዘመን ያገለገለ፣ በእጅ የሚሠራ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ዲጂታል አንባቢ ቢጨመርለት እንደ አዲስ ይሆናል የሚል ነው። አሳቡ መልካም መነሻ አለው። የውጭ ምንዛሪ በሚቸግርበት አገር ያለውን ብረት አድሶ መሥራት አዲስ ከመግዛት ይቀድማል። ዳሩ ግን «እንደ አዲስ ይሆናል» የምትለው አነጋገር ሳትመረመር ልትታለፍ አይገባትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለይቶ ማሳየት፣ ቀጥሎም እኛ ተማሪዎች በቁጥሩ ላይ የምንጥለው እምነት ከልኩ ያለፈ መሆኑን ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ መግለጽ ተገቢ ነው። በእጅ በሚሠራ ማሽን ላይ ጠረጴዛውን ወይም መቁረጫውን የሚገፋው አንድ ረጅም ብሎን ነው። ሠራተኛው እጀታውን ሲያዞር ብሎኑ በዳዶው ውስጥ ይሄዳል፤ የተሄደውም ርቀት በእጀታው ሥር ካለው ቀለበት ላይ ከተቀረጹት መስመሮች ይነበባል። ዲጂታል አንባቢ ግን ብሎኑን አይጠይቅም። በማሽኑ ጎን አንድ የመስተዋት ዘንግ ይታሰራል፤ በመስተዋቱም ላይ ብዙውን ጊዜ በየ0.02 ሚሊሜትር ጥቃቅን መስመሮች ተሠርተውበታል። ብርሃን ያለበት ትንሽ ራስ በዘንጉ ላይ ሲንሸራተት መስመሮቹን ይቆጥራል። በሩብ የተለያዩ ሁለት ምልክቶች ስለሚቀበል ወደ ፊት መሄዱንና ወደ ኋላ መመለሱን ይለያል፤ እያንዳንዱንም ክፍል ለአራት ከፍሎ 0.005 ሚሊሜትርን በሰሌዳው ላይ ያሳያል። ይህ ጥበብ የትናንት ፍጥረት አይደለም። በኤዲንብራ የነበረው የፌራንቲ ኩባንያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በመስመራም መስተዋት የማሽንን እንቅስቃሴ ለመለካት ሠርቶበታል።

የመሣሪያው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛው ከዳዶው ልቅነት ነጻ ማውጣቱ ነው። ዳዶው ባረጀ ጊዜ ሠራተኛው እጀታውን ወደ ኋላ ሲመልስ ቀለበቱ ይዞራል፤ ጠረጴዛው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የለመደ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ምንጊዜም ከአንድ ወገን ብቻ ገፍቶ ይለካል፤ ጀማሪው ግን ይሳሳታል። መስተዋቱ የጠረጴዛውን እንጂ የእጀታውን ጉዞ ስለማይቆጥር ይህ ስሕተት ይቀራል።

ሁለተኛው ጥቅም ለአገራችን ልዩ ዋጋ ያለው ነው። ማሽኖቻችን ከአንድ አገር የመጡ አይደሉም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲቋቋም ሚሊሜትርን ከሚጠቀም አገር ጋር ተዛመደ፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የሚመጣው ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኢንች የተከፋፈለ ነው። በኢንች ቀለበት ላይ አንዲት መስመር 0.001 ኢንች፣ ማለት 0.0254 ሚሊሜትር ናት። ሥዕሉ በሚሊሜትር፣ ቀለበቱ በኢንች በሆነ ጊዜ ተማሪው በየቁርጡ ማባዛትና ማካፈል ይኖርበታል። በዲጂታል አንባቢ ይህ በአንድ ቁልፍ ያልቃል።

ሦስተኛው ጥቅም ስሌትን ማቅለሉ ነው። ለምሳሌ 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ስድስት ቀዳዳ ይበሳ ቢባል፣ የመጀመሪያው ቀዳዳ ከማዕከሉ 50 በ0 ሲሆን ሁለተኛው 25 በ43.301 ይሆናል። አንባቢው ይህን ራሱ አስልቶ ሠራተኛውን ወደ ዜሮ ይመራዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊከራከር አይችልም።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚታየው የመጨረሻ አኃዝ የንባብን ደቃቅነት ያመለክታል እንጂ የሥራውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። አንባቢው የሚናገረው ራሱ በመስተዋቱ ላይ የት እንዳለ ነው። መቁረጫው ብረቱን የት እንደ ነካው ግን አያውቅም። በመስተዋቱና በመቁረጫው መካከል ያረጀ ሐዲድ፣ የላላ ማስተካከያ፣ የሚጎብጥ መቁረጫ አለ፤ እነዚህ ሁሉ ለቁጥሩ የተሰወሩ ናቸው።

ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1890 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ሕግ ይህን ያብራራልናል። እንደ እርሱ አባባል መለኪያው ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልዋለ፣ የማሽኑ መዘንበል ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይገባል። በፍሬዛ ላይ መስተዋቱ በጠረጴዛው ጎን ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ መቁረጫው ግን ከፍ ብሎ ይሠራል። በመካከላቸው 200 ሚሊሜትር ከፍታ ቢኖርና ሐዲዱ ከማርጀቱ የተነሣ ጠረጴዛው በሜትር 0.1 ሚሊሜትር ያህል ቢያዘነብል፣ ስሕተቱ 0.02 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ሰሌዳው የሚያሳየው ትንሹ ልክ አራት እጥፍ ነው። ሆኖም ሰሌዳው ስለዚህ ነገር ምንም አይነግረንም።

በቶርኖ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መቁረጫው ወደ ብረቱ 0.005 ሚሊሜትር ሲገባ የብረቱ ውፍረት በ0.010 ይቀንሳል፤ ከሁለቱም ወገን ይቆረጣልና። አሁን አንድ የወፍጮ ዘንግ እንውሰድ። ለኩሽኔታ የሚዘጋጅ የ40 ሚሊሜትር ዘንግ ብዙውን ጊዜ በሚሠራበት ልክ ከ40.002 በታች፣ ከ40.018 በላይ መሆን የለበትም። የተፈቀደው ስፋት 0.016 ብቻ ነው። በ0.010 የሚራመድ ቁጥር በዚህ ጠባብ በር ቢገባ በዕድል እንጂ በሥራ አይደለም። ስለዚህ በቶርኖ ላይ ለመቁረጫው መግቢያ 0.001 የሚያነብ መስተዋት መምረጥ ይገባል፤ እርሱም ቢሆን ማይክሮሜትርን አይተካም።

ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስል ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ ኑሮ ጋር እናስተያየው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የእህል ወፍጮ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለበት ነው። ዘንጉ ቀጥኖ ቢሠራ ኩሽኔታው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ይግላል፤ ዘንጉን ይበላዋል፤ ወፍጮውም ይቆማል። በዚያን ጊዜ እናቶች ጤፉንና ገብሱን በአህያ ጭነው ወደ ሌላ ቀበሌ መሄድ ይኖርባቸዋል። ባለወፍጮው ሰሌዳው ላይ ምን ቁጥር በርቶ እንደ ነበር አይጠይቅም። እርሱ የሚያውቀው ዘንጉ መያዙን ወይም አለመያዙን ብቻ ነው። ፍርዱም ትክክል ነው።

የሙቀትን ነገር በአጭሩ እንለፈው። 300 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብረት በመቆረጥ ምክንያት በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የደጋው ጧትና ቀትርም በሙቀት እጅግ እንደሚለያዩ እናውቃለን። ከዚህም ሌላ የመብራት ነገር አለ። ብዙዎቹ አንባቢዎች የሚቆጥሩት ከተነሡበት ቦታ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ ጠረጴዛው ከተነካ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል፤ መነሻውም እንደገና መፈለግ አለበት። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው መስመር ግን መብራት ቢጠፋም አይጠፋም።

ቁጥርን ከሥራ ለይቶ ማድነቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በመቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ ያለውን ሴባስቶፖልን ስናነሣ ሁላችንም የምንናገረው ክብደቱን ነው፤ 70 ኩንታል ያህል። ይህ ቁጥር የሚነግረን መድፉን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መንገድ እየጠረገ፣ ገደል እየሞላ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያወጣውን ሕዝብ ድካም ነው። ስለ አፈሙዙ ቅናት፣ ስለ ብረቱ ጥራት፣ ዒላማ ስለ መምታቱ ግን አንዲት ቃል አይነግረንም። ጋፋት ላይ መድፉን ያቀለጡት እነ ቫልድማየር በሙያቸው መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ሞክረው ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው የተማሩ ናቸው። ቁም ነገሩም ያ ሙከራ ነበር፤ እኛ ግን ክብደቱን ይዘን ቀረን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ይህን ልዩነት የሳቱ አይመስለኝም። በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩ የፈለጉት የተሠራ መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚያሠሩና የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም ጭምር ነበሩ። ባለሙያዎቹና ዕቃዎቹ እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ የእስረኞቹ ጉዳይ ስላልተፈታ ግን ሳይወጡ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ድረስ ያለውን፣ ሁሉም ያውቀዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው፤ ከዕቃው ጋር ዕውቀቱ ተጠይቋል።

ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ «ኮምፒዩተር የሚነዳቸው ማሽኖች ባሉበት ዘመን ስለ አሮጌ ቶርኖ መጨነቅ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን አንድ ዘንግ ለመጠገን የመጣ ገበሬ አንድ ዘንግ ብቻ ነው የሚያሠራው። ለአንድ ዕቃ ደግሞ በእጅ የሚሠራ ማሽን ፈጣንና ርካሽ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «አንባቢው ካለ የቀለበትና የካሊፐር ንባብ መማር ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። ይህ አደገኛ አሳብ ነው። ከዚህ የሚወጣው ተማሪ ሥራ የሚያገኘው ሰሌዳ በሌለበት ወርክሾፕ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ባለበትም ቢሆን፣ ቁጥሩ በተሳሳተ ጊዜ የሚያርመው ሌላ ምስክር በእጁ ከሌለ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሳሳታል።

እንግዲህ አንባቢው አይገዛ የሚል አቋም የለኝም። ይገዛ፤ ነገር ግን በተራው ይግባ። መጀመሪያ ማሽኑ ይስተካከል፤ ሐዲዱ ይመርመር፤ የላላው ይጥበቅ። ከዚያ በኋላ ሌላው ጫፉ ያልተደገፈ ወፍራም ብረት 200 ሚሊሜትር ያህል በስሱ ተቆርጦ ሁለቱም ጫፎች በማይክሮሜትር ይለኩ። ልዩነት ከተገኘ ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ለማሽኑ እድሳት ነው፤ ጠማማ ማሽን ሰሌዳ ቢሰቀልበት በጠማማነቱ ይቀጥላልና። ማሽኑ ፈተናውን ካለፈ ግን አንባቢው ሠራተኛውን ከብዙ ድካም ያሳርፈዋል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በወርክሾፕ ሪፖርታችን ላይ ከሰሌዳው የተገለበጠ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ስንጽፍ እንደ መለኪያ አትቀበሉን። ከጎኑ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በማይክሮሜትር የተገኘው ልክ እንዲጻፍ እዘዙን፤ ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜም ምክንያቱን እንድናስረዳ ጠይቁን። የአገራችን ሰው አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል። ዲጂታል አንባቢ መለካትን አቅልሎልናል፤ የሚለካው ግን እስካሁን ሰው ነው፤ ለተቆረጠውም ብረት ተጠያቂው እርሱ ነው።