ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ

እግር ደም ሲያጥረው ሐኪም ቶሎ የሚለካው የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ነው። ስኳር በቆየበት ሰው ላይ ግን ይህ ልኬት ያሳስታል። የደም ቧንቧው ግድግዳ ካልሲየም ይዞ ስለሚደድር መጠምጠሚያው ቢነፋም አይጨመቅም፤ ጣቱ እየጠቆረ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖ ይወጣል። ቧንቧውን ትቶ ቆዳውን የሚጠይቀውን ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ የማደንቀው ለዚህ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በመስታወት ውስጥ የታሸገች፣ ከፀጉር የቀጠነች የፕላቲነም ሽቦ አለች፤ ለሥራ የተተወው ጫፏ ብቻ ነው። ዙሪያዋን ብር ከብቧታል፤ በሁለቱ ላይ ጨዋማ ጠብታ፣ በጠብታው ላይ ስስ ፕላስቲክ። ኦክስጅን ፕላስቲኩን ሰርጎ ፕላቲነሙ ላይ ሲደርስ ደቃቅ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ የዚያ መጠን የኦክስጅኑን ልክ ይነግራል። ፕላቲነሙንና ብሩን በአንድ ሽፋን ሥር ያኖራቸው አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ነው፤ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። ሽፋን ሳይኖር የደም ፕሮቲን ፕላቲነሙን እየበከለ ልኬቱን ያበላሸው ነበር። የሽቦዋ መቅጠንም ለውበት አይደለም። መሣሪያው የሚለካውን ኦክስጅን ራሱ ይበላል፤ ጫፏ ሰፊ ቢሆን የተራበውን ቆዳ ትሻማው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሬናቴና አልበርት ሁች ለጨቅላ ሕፃናት ብለው መለኪያውን አሞቁት። 44 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ኦክስጅንም በቆዳ በኩል ይወጣል። ትንሽ ቢያልፍ ቃጠሎ ነው፤ ያውም ቁስል በማይሽርበት እግር ላይ።

የጃፓን ሐኪሞች ደም ያጠረውን እግር ለማከም ከሕመምተኛው አጥንት መቅኒ ቀድተው፣ የተለዩትን ህዋሳት በባቱ ጡንቻ በመርፌ ሰጥተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያሳትሙ፣ ለውጡን ከመሰከሩት ልኬቶች አንዱ ይኸው የቆዳ ኦክስጅን ልኬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኔዘርላንድ ሙከራ ደግሞ በ160 ሰዎች ላይ ህዋሳቱን በደም ቧንቧ ሰጥቶ ከማስመሰያው የተለየ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ጥያቄው ለማን ይሠራል የሚለው ሆነ። ስኳር መቅኒውንም ይጎዳል፤ ህዋሳቱን ወደ ደም የመልቀቅ አቅሙ ይደክማል። የህዋሳቱ ብርታት ብቻውን ግን መልስ አይሆንም፤ የሚቀበላቸው ሥጋ ምን ያህል ሕይወት እንደቀረው መታወቅ አለበት። እዚህ ላይ ከ30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች የወረደ የቆዳ ኦክስጅን ቁጥር ቁስሉ በራሱ የመዳኑን ተስፋ ያሳንሰዋል።

ግማሹ ጥበብ በለኪዋ እጅ ነው። የቆዳውን የሞተ ሽፋን በፕላስተር ታነሳለች፤ ከአጥንት፣ ከጅማትና ከደደረ ቆዳ ትርቃለች፤ እብጠት ቁጥሩን ስለሚያወርደው እሱንም ትሸሻለች። ሌላ መለኪያ ደረት ላይ ለማነጻጸሪያ ታኖራለች። ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለች፣ ቁጥሩ ሲረጋ ሕመምተኛውን ንጹሕ ኦክስጅን ታስተነፍሰዋለች፤ ከፍ ካለ ለቆዳው የሚደርስ መንገድ ገና አለ ማለት ነው። ቦታውንም በትክክል ትመዘግባለች፤ ከህዋሳቱ መርፌ በኋላ የሚወሰደው ልኬት ከዚያው ነጥብ ካልሆነ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።