በግድያ ችሎት አንቀጽ ሲወርድ

በብዙ የግድያ መዝገቦች ገዳዩ ማን እንደሆነ አያከራክርም። ተከሳሹ እጁን ለፖሊስ ሰጥቷል፣ ወይም በዓይናችን አይተናል የሚሉ ምስክሮች አሉ። ክርክሩ የሚጦፈው ድርጊቱ በየትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቃል በሚለው ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በደረጃ ከፍሎታል። ገዳዩ አስቀድሞ ያቀደበት፣ ወይም የተጠቀመበት መሣሪያና አፈጻጸሙ የተለየ ጨካኝነቱን የሚያሳይበት ግድያ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። በ540 የሚወድቀው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ራሱን ሲከላከል ከመጠን ያለፈ፣ ወይም በከባድ ማነሣሣት ደሙ ፈልቶ የገደለ ሰው በ541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። 543 የቸልተኝነት ግድያ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅጣቱ ይቀላል ማለት ግን አይደለም፤ ግልጽ ደንብ እያወቀ ጥሶ ሰው የገደለ ሹፌር በ543(3) እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ዳኛው ተከሳሹ ከተከሰሰበት አንቀጽ ወደ ሌላው እንዲሻገር የሚፈቅደው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 113(2) ነው። ማስረጃው በአማራጭ ሊከሰስበት ይችል የነበረ ሌላ ወንጀል ካሳየ፣ ወንጀሉ ከክሱ የቀለለና በችሎቱ ሥልጣን ሥር የሆነ እንደሆነ፣ ተከሳሹ ባልተከሰሰበት አንቀጽ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። በዚህ መንገድ መውረድ እንጂ መውጣት የለም። ለቀላሉ የተከላከለን ሰው ባልሰማው ከባድ ክስ መቅጣት፣ ክሱን በዝርዝር የማወቅ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን መንጠቅ ይሆናል።

ከሰንጋ ተራ ብዙም በማይርቀው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ይህ በጉልህ የሚታየው ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ በሚሰጠው ብይን ላይ ነው። ችሎቱ በነፃ ካላሰናበተ፣ በ539 የተከሰሰውን በ540 ወይም በ541 ተከላከል ሊለው ይችላል። ወደ 541 ከወረደ እስከዚያ ተዘግቶ የነበረው የዋስትና ጥያቄም እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ጎበዝ ጠበቃ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በመስቀለኛ ጥያቄ ነው፤ የመከላከያ ምስክር እስኪደርስ አይጠብቅም።

መጠጥ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሥቶ አንዱ ሌላውን በቢላ ወጋው እንበል። ቢላው ከቤት ይዞት የመጣው ነው ወይስ ከጠረጴዛ ላይ ያነሣው? ከስድቡ እስከ መውጋቱ ምን ያህል ጊዜ አለፈ? የአስከሬን ምርመራው ውጤት አንድ ቁስል ጭን ላይ ይላል ወይስ ሦስት ደረት ላይ? ደረትን ደጋግሞ የወጋ ሰው መግደል አላሰብኩም ቢል አያዋጣውም፤ ሞት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ያለም በአንቀጽ 58 አስቦ እንደገደለ ይቆጠራል። አይደርስም ብሎ ተዳፍሮ ከሆነ ግን ወደ ቸልተኝነት ይወርዳል። የሁለቱ ድንበር ቀጭን በመሆኑ ፍርዱ ምክንያቱን ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። ለንጽጽር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 እ.ኤ.አ. ቤክ በተባለ መዝገብ፣ ማስረጃው የሚደግፈው ከሆነ የሞት ቅጣት ያለበትን ክስ የሚሰሙ ጁሪዎች፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ ቀላሉንም ወንጀል የመመልከት ዕድል ሊነፈጋቸው አይገባም ብሏል። የእነዚያ ፈራጆች ውሳኔ ምክንያት አይጻፍበትም፤ በእኛ ችሎት ግን ዳኛው መጻፍ ግዴታው ነው።

ዝቅ ያለው አንቀጽ አደጋም አለው። ማስረጃው ሲያመነታ መካከለኛውን ይዞ መገላገል ይቀላል፣ ነፃ መውጣት የሚገባውም በ541 ሊፈረድበት ይችላል። በተቃራኒው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ስታመልጥ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆመውላት ራሷን በመከላከል ነፃ ወጣች፤ ታሪኩ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ቀርቧል። ስለዚህ ችሎቱ ወደ 541 ከመሄዱ በፊት መከላከሉ ወሰን አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን ጥያቄ መጨረስ ይኖርበታል።

አንቀጽ መውረዱ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ከባዱን አንቀጽ ሊያስመልስ፣ ተከሳሹም የበለጠ እንዲወርድለት ሊጠይቅ ይችላል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ከተባለ መዝገቡ ሰበር ይደርሳል፤ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ደግሞ ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።