ስለ ደን መታጠብና ስለ ጢስ ዓባይ

የቶኪዮው ሐኪም ዶክተር ቺንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ደን መታጠብ ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ አገር ተነቧል። ልማዱን ሺንሪን ዮኩ ብሎ የሰየመው የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1982 ነበር። በዚህ ልማድ ሰው ሥራውንና ስልኩን ትቶ በዛፎች መካከል በቀስታ ይመላለሳል፤ ያያል፣ ያደምጣል፣ ያሸታል፣ ይዳስሳል፤ መንፈሱም ይረጋጋል ይባላል።

የመጽሐፉን ጥቅም አንክድም። ደራሲው ከጓደኞቻቸው ጋር በ12 የቶኪዮ ወንዶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ከሦስት ቀን የደን ቆይታ በኋላ በሽታን የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት ብርታት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። 12 ሰው ግን ስለ ሰው ሁሉ ለመመስከር ጥቂት ነው።

ዋናው ቅሬታችን ሌላ ነው። መጽሐፉ አብዝቶ የሚጠይቀው ደን ለሰው ምን እንደሚያደርግ ነው። እኛ ደግሞ ደኑን ለዚያ ሰው ያቆየለት ማን እንደ ሆነ እንጠይቃለን።

ጢስ ዓባይን እንመልከት። ክረምት ወንዙ ሲሞላ፥ ከፏፏቴው እንደ ጢስ የሚነሣው ርጭት ዙሪያውን ያለመልማል፤ ቆሞ የሚያየውም ሰው በእውነት ይታጠባል። ነገር ግን ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ሲጀምር ብዙው ውኃ ወደ ቦይ ተጠለፈ፤ በበጋም ፏፏቴው ቀጠነ። ጢሱን ያሳነሰው የሰው ውሳኔ ነው።

ደንንም የሚያቆየው የሰው ውሳኔ ነው። በዚህ አገር ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጽዱና ወይራው የቀሩት፥ ካህናትና ምእመናን ስለ ጠበቋቸው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከዓባይ ማዶ፥ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባካሄዱት ጥናት፥ ከብት በተከለከለበት ስፍራ ችግኝ የተሻለ እንደሚበቅልና እንደሚጸድቅ አሳይተዋል።

እንግዲህ ደን መታጠብን በአገራችን ለማስፋፋት የሚያስቡ ሁሉ፥ አስቀድመው ስለ አጥሩ፣ ስለ ውኃው ድርሻና ጠባቂው ስለሚያገኘው ጥቅም ይምከሩ እንላለን። ከብት የተከለከለበትን ቡቃያ በጫማው ረግጦ የሚወጣውን ጎብኚ ግን፥ ታጠበ ለማለት አንደፍርም።